ጎረቤት መኪናችሁን ሲገጭ (ወይም እናንተ ስትገጩበት)፦ ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ መጨረሻው ፊርማ

በብሎካችን ኮሚቴ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። ማታ በሬ ሲንኳኳ ጉዳዩ ከሁለት አንዱ ነው፦ ውሃ ጠፍቷል፣ ወይም መኪና ተገጭቷል። ለውሃው መልስ የለኝም። የመኪናው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ አንዴ ጽፌ መገላገል መረጥኩ። እንዲህ ነው የሚሉኝ፦ «ጎረቤቴ የቆመ መኪናዬን ገጨብኝ፤ ያኔ ‹ችግር የለም፣ አሠራዋለሁ› አለ። አሁን ሦስት ሳምንት ሆነው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል እንጂ ስለ መኪናው ትንፍሽ አይልም። ምን ላድርግ?»

መመሪያው አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየምና በጋራ ግቢ ለምትኖሩ ነው። ለተገጨውም ለገጨውም ይሠራል። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ሰው ከተጎዳ ይህን ጽሑፍ ዝጉትና ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ለፖሊስም በ991 ደውሉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ብረት፣ መስታወትና ቀለም ብቻ ለተጎዳበት ጉዳይ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ካሜራ ያለው ስልክ
- ሜትር (የልብስ ሰፊ ሜትርም ይበቃል)
- የሁለቱም መኪናዎች ታርጋ ቁጥር፣ የሊብሬና የመንጃ ፈቃድ ፎቶ
- የኢንሹራንስ ውላችሁ፦ ማስረጃ ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን ውሉ ራሱ
- ከጋራዥ የሚመጣ ፕሮፎርማ፣ ቢቻል ሦስት
- ሁለት ምስክሮች
- ወረቀትና እስክሪብቶ

1. ማንም መኪና ሳያንቀሳቅስ ፎቶ አንሱ

መጀመሪያ ከሩቅ፦ ሁለቱም መኪናዎች፣ የብሎኩ ቁጥር ወይም በሩ፣ ካለም የመኪና ማቆሚያው መስመር አብረው ይግቡ። ቀጥሎ ታርጋዎቹ እንዲታዩ ከመካከለኛ ርቀት። መጨረሻ ላይ ጉዳቱን በቅርብ። ሰዎች የሚያነሱት የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ከወር በኋላ ያ ፎቶ የማን በር እንደሆነ፣ የት እንደቆመ፣ ማን ወደ ማን እንደሄደ አይናገርም። ጎማዎቹ ወዴት እንደዞሩም ይታይ፤ መኪናው ሲወጣ ነበር ወይስ ሲገባ የሚለውን ክርክር ጎማው ይፈታዋል።

የገጨው ሰው ከሌለ፣ ጠዋት ወርዳችሁ የተላጠ በር ብቻ ካገኛችሁ፣ መኪናውን አታሳጥቡ። ይህን ደግሜ እለዋለሁ፣ ምክንያቱም አጣቢው ልጅ ጎህ ሳይቀድ ባልዲውን ይዞ ይደርሳል። ጭረቱ ላይ የቀረው የሌላ መኪና ቀለም ዋና ማስረጃችሁ ነው። ፎቶ ካነሳችሁ በኋላ የጭረቱን ቁመት ከመሬት ጀምራችሁ በሜትር ለኩ፤ ሜትሩ ተዘርግቶ እንዳለ ሌላ ፎቶ አንሱ። ከዚያ የተጠረጠረውን መኪና ፓራውልት ለኩ። የእናንተ ጭረት 52 ሴንቲ ሜትር ላይ ሆኖ የሱ ፓራውልት ላይ ያለው ጭረት 75 ላይ ከሆነ፣ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቃችሁ ሌላ ፈልጉ። ቁመቱና ቀለሙ ከገጠሙ ግን ብዙ ማውራት ሳያስፈልግ ነገሩ ራሱን ያወራል።

ግቢው ካሜራ ካለው የዚያኑ ቀን ቅጂ ጠይቁ። መቅጃው ሲሞላ በአሮጌው ላይ ስለሚጽፍ፣ «ቅዳሜ ኮሚቴው ሲሰበሰብ እናያለን» ማለት ብዙ ጊዜ ምንም አናይም ማለት ነው። ጥበቃው አይቶ ከሆነም ያየውን በወረቀት ጽፎ ይፈርምላችሁ፣ ስልኩንም ያዙ። ጥበቃ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል።

2. መጀመሪያ የሆነውን ተነጋገሩ፣ ጥፋቱ ይቆይ

የገጫችሁት እናንተ ከሆናችሁና ባለቤቱን ካላገኛችሁ ስምና ስልክ ጽፋችሁ መስታወቱ ላይ አድርጉ፣ ወረቀቱንም ፎቶ አንሱት። ነፋስ ወይም ሕፃን ወስዶት «ጠፍቶ ነበር» ከተባላችሁ ፎቶው ያወጣችኋል። ለጥበቃውም ንገሩ።

የተገጫችሁት እናንተ ከሆናችሁ «ዓይንህ አያይም?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ጋሼ፣ መኪናዎት ወደ ኋላ ሲወጣ የኔን በር ነክቶታል፤ አብረን ወርደን እንየው» በቂ ነው። አብሮ ማየቱ ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ቀን ጉዳቱ ምን ያህል እንደነበር ሁለታችሁም ያያችሁት ነገር ይሆናል፤ በኋላ «ይሄ ድሮም ነበር» የሚለው ቃል ቦታ ያጣል። በእርግጥም ድሮ የነበረ ጭረት ካለ ራሳችሁ አሳዩት። አንድ አሮጌ ጭረት ደብቃችሁ ከተገኛችሁ አዲሱም አይታመንላችሁም።

*ማስጠንቀቂያ፦* ሙሉ ኢንሹራንስ ያላችሁ ገጪዎች፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሁሉንም እከፍላለሁ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ደረጃ 4ን አንብቡ።

3. ኃላፊው ማን እንደሆነ ለዩ

ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው የሚከሰው ያየውን ሰው ነው፣ ሕጉ ደግሞ አንዳንዴ ሌላ ሰው ይጠራል። መነሻው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የደነገገው ክፍል ነው። በግቢ ውስጥ በብዛት የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው።

*የቆመ መኪና ከተገጨ።* በአግባቡ የቆመ ከሆነ ክርክር የለም፣ ያንቀሳቀሰው ይከፍላል። የቆመው መውጫ ዘግቶ ወይም ጨለማ ውስጥ ጠማማ ላይ ከነበረ ግን ባለቤቱም ለጉዳቱ አስተዋጽኦ አድርጓል ተብሎ ካሳው ሊቀነስ ይችላል።

*ሁለቱም ሲንቀሳቀሱ ከተጋጩ።* ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ስትወጡ ከተገናኛችሁ አንቀጽ 2084 ሁለቱን እኩል አጥፊ አድርጎ ይገምታል። አንዱ ብቻ ወይም በአመዛኙ አንዱ እንዳጠፋ ከተረጋገጠ ግምቱ ይቀራል። እኩል ማለት «ሁሉም የራሱን ያሠራ» ማለት የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም፤ የሁለቱ ጉዳት ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። ለምሳሌ የእናንተ መኪና ጥገና 30,000 ብር፣ የጎረቤታችሁ 10,000 ብር ቢሆን ድምሩ 40,000 ነው፤ እያንዳንዳችሁ 20,000 ትሸከማላችሁ። ስለዚህ ጎረቤታችሁ የራሱን 10,000 ከፍሎ ለእናንተ 10,000 ይጨምራል። በሽምግልና ላይ ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ስጽፈው ክፍሉ ዝም ይላል።

*የነዳው ሌላ ሰው ከሆነ።* ቁልፍ ለጥበቃው ወይም ለአጣቢው ትሰጣላችሁ፣ እሱ ሲያስጠጋ የጎረቤት ስፖኪዮ ይሰብራል። በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት ይጠየቃል፤ ነጂው ፈቃድ ባይኖረውም እንኳ። ባለቤቱ የሚያመልጥበት አንዱ መንገድ መኪናው በዚያ ሰዓት ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት ነው። ስለዚህ የወር ደሞዙ ከስፖኪዮው ዋጋ የሚያንስ ጥበቃ ላይ መጮህ ገንዘብ አያመጣም፤ ባለቤቱን አነጋግሩ። ባለቤት ደግሞ ሊብሬ ላይ የተጻፈው ነው። በከተማችን በውክልና ተሽጦ ስሙ ያልዞረ መኪና ብዙ ስለሆነ ሊብሬውን ማየት አትርሱ።

*ከላይ የወደቀ ነገር ከሆነ።* የአበባ ማሰሮ፣ ዲሽ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ጀሪካን፦ በአንቀጽ 2080 ተጠያቂው ቤቱን ይዞ የሚኖርበት ሰው ነው። ተከራይ ከሆነ ተከራዩ እንጂ ውጭ አገር ያለው አከራይ አይደለም። የወደቀው የሕንፃው አካል ከሆነ፣ ለምሳሌ ልስን ወይም የጣሪያ ቆርቆሮ፣ ባለቤቱ ይጠየቃል (አንቀጽ 2077)፤ ጣሪያው የጋራ ስለሆነም ጥያቄው ወደ ማኅበሩ ይሄዳል። የኛን ኮሚቴ ጨምሮ ኮሚቴዎች ይህን መስማት አይወዱም።

*ልጅና እንስሳ።* የጎረቤት ልጅ በኳስ ወይም በሳይክል ከጎዳው ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ወላጁ ይጠየቃል። ውሻ ወይም ድመት ከሆነ ባለቤቱ፤ ሳይታሰብ አምልጦም ቢሆን አንቀጽ 2071 አይምረውም። ለፋሲካ የተገዛ በግ በመኪናችሁ ጎን ታስሮ አድሮ በሩን በቀንዱ ቢያርሰው ያው ነው። አንድ ዓመት ይህን አይቻለሁ፤ በጉ ለማስረጃ የሚሆን ዕድሜ አልነበረውም፣ ፎቶው ግን ነበር።

4. ኢንሹራንስ ይግባበት ወይስ አይግባበት? ከመጠገናችሁ በፊት ወስኑ

ለተሽከርካሪ ሁሉ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ (አዋጅ ቁጥር 799/2005) የሚከፍለው ገጪው በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ነው፤ የገጪውን የራሱን መኪና አይጠግንም፣ ለንብረት ጉዳትም ጣሪያ አለው። ሙሉ ኢንሹራንስ የራስንም መኪና ይሸፍናል፤ ከዚያ ላይ ግን «ኤክሰስ» የሚባለውን፣ ከኪሳችሁ የምትችሉትን ድርሻ ይቀንሳል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ጥገናው 9,000 ብር ሆኖ ኤክሰሳችሁ 6,000 ከሆነ በ3,000 ብር ምክንያት ሪፖርት፣ ምልልስና የሚቀጥለው ዓመት የአረቦን ቅናሽ ማጣት አያዋጣም፤ በስምምነት ጨርሱት። ጥገናው 90,000 ከሆነ ደግሞ አታመንቱ፣ ወዲያው አስታውቁ።

ኢንሹራንስ የምትሄዱ ከሆነ ሦስት ነገር ጠብቁ፦

- በውሉ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ አሳውቁ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና ፕላን (የግጭቱን ቦታ የሚያሳይ ንድፍ) ስለሚጠየቅ ፖሊስ ሳይመጣ መኪናውን አታንሱ።
- የኩባንያው መርማሪ ሳያየው አንድም ብሎን አይፈታ። የተጠገነ ጉዳት ለነሱ ያልደረሰ ጉዳት ነው።
- ኩባንያው ሳያውቅ ለጎረቤታችሁ «ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅህም» ብላችሁ አትፈርሙለት። ኩባንያው ለእናንተ ከከፈለ በኋላ በእግራችሁ ተተክቶ ገጪውን የመጠየቅ መብት አለው፤ እናንተ ያን በር ከዘጋችሁበት የእናንተን ጥያቄም ሊጥለው ይችላል። ገጪም ብትሆኑ፣ ያለ ኩባንያው ስምምነት ጥፋትን ማመንና ካሳ ቃል መግባት አብዛኛው ውል ይከለክላል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ግቢ ውስጥ የተገጨውን «አስፋልት ላይ ነው»፣ ልጃችሁ ሲለማመድ የገጨውን «እኔ ነበርኩ» ማለት የሚያግዝ ይመስላል። ውሸቱ ሲወጣ ክፍያው ይቀራል፣ እናንተም በማጭበርበር ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ጎረቤት ይህን እንድታደርጉለት ቢለምናችሁም አታድርጉት።

5. መጠኑን በፕሮፎርማ አውጡ

«ስንት ይፈጃል?» ብሎ ገጪው ይጠይቃል፣ ተገጪው ከጭንቅላቱ ቁጥር ይጠራል፣ ጠቡ ተጀመረ። ከሁለት ወይም ከሦስት ጋራዥ ፕሮፎርማ አምጡ፤ አንዱን ገጪው ራሱ ይምረጥ። እሱ ከመረጠው ጋራዥ የመጣ ዋጋ ከእናንተው ጋር ከተቀራረበ «አስወደድክብኝ» ማለት ይከብደዋል።

ፕሮፎርማው የባትላሜራውን፣ የቀለሙንና የዕቃውን ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። የተጨፈለቀ አንድ ቁጥር ለክርክር ይመቻል። ዕቃው አዲስ ይሆናል ወይስ ከሶማሌ ተራ የመጣ ያገለገለ? ይህን ቀድማችሁ ተስማሙ። የካሳው መለኪያ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆኑ ነው፤ የ20 ዓመት ኮሮላ ፋብሪካ የወጣ አዲስ በር አያስፈልጋትም፣ በስቱኮ ተደፍኖ ከወር በኋላ የሚሰነጠቅ ሥራም አይበቃትም። አንድ በር ሲቀባ ቀለሙ እንዲመሳሰል ጎኑ ያለውንም ክፍል ትንሽ መንፋት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ገጪው «እሱን እኔ አልነካሁትም» ቢል ቀለም ቀቢው ያስረዳው።

የኋላ ፓራውልት ከተመታ ከውጭ ያለውን አይታችሁ አትጨርሱ። ፕላስቲኩ ተመልሶ ይነፋና ደህና ይመስላል፤ ከውስጥ ያለው ብረትና ማያያዣው ግን ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ጎማ ከተመታ ደግሞ አላይመንት ይታይ። ጉዳቱ ሲፈታ ስለሚገለጥ በደረጃ 6 ያለውን «ሌላ ጉዳት ከተገኘ» የሚለውን ሐረግ መተው የለባችሁም።

መኪናው ጋራዥ እያለ ያወጣችሁት የትራንስፖርት ወጪም ካሳ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ደረሰኝ ያዙ። በመኪናው የምትሠሩ ከሆነ ያጣችሁትን ገቢ ከምትሠሩበት የታክሲ መተግበሪያ የቀደሙ ሳምንታት መዝገብ አሳዩ። «በቀን ይህን ያህል እሠራለሁ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም።

6. ስምምነቱን ጻፉ

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ። ወረቀት ማውጣት በጎረቤት ላይ አለመተማመን ስለሚመስል ብዙ ሰው ያፍራል። እኔ ዘንድ የሚመጡት ግን ጽፈው የተጣሉት አይደሉም፣ ሳይጽፉ የተማመኑት ናቸው። በሕጉ (አንቀጽ 3312) በስምምነት የተጨረሰ ክርክር በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ የሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል አለው። ስለዚህ ለሁለቱም ወገን ዋስትና ነው፦ ተገጪው ክፍያውን ያገኛል፣ ገጪው በየወሩ አዲስ ጭረት አይመጣበትም። ይህን መገልበጥ ትችላላችሁ፦

«እኔ ________፣ የብሎክ __ ቤት ቁጥር __ ነዋሪ፣ በቀን __/__/____ ከ__ ሰዓት ላይ ታርጋ ቁጥሩ ________ የሆነ መኪና ወደ ኋላ ሳንቀሳቅስ፣ ቆሞ የነበረውን የአቶ/ወ/ሮ ________ ንብረት፣ ታርጋ ቁጥሩ ________ የሆነ መኪና የግራ የኋላ በርና ፓራፋንጎ ገጭቻለሁ። ጉዳቱ ከዚህ ጋር በተያያዙት __ ፎቶዎች ይታያል። ለማስጠገኛ ብር ________ (በፊደል ________) እስከ __/__/____ በባንክ ሒሳብ ቁጥር ________ ገቢ አደርጋለሁ። መኪናው ጋራዥ ሲፈታ በዚሁ ግጭት የደረሰ ሌላ ጉዳት ከተገኘ፣ ሁለታችንም ባለንበት ታይቶ ወጪውን እሸፍናለሁ። ባለንብረቱም ክፍያው ሲጠናቀቅ በዚህ ግጭት ሌላ ጥያቄ እንደማያነሱ ተስማምተዋል።»

ሁለቱም ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ፣ ሁለት ቅጂ ይውጣ። ምስክሮቹ የአንደኛው ወገን ወንድምና ሚስት ባይሆኑ ይመረጣል። «በተቻለ ፍጥነት እከፍላለሁ» ተብሎ አይጻፍ፤ ቀን የሌለው ቃል ማብቂያ የለውም። በየወሩ የሚከፈል ከሆነ እያንዳንዱ ቀንና መጠን ይዘርዘር።

7. ክፍያና ርክክብ

በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈሉ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ የታርጋውን ቁጥር ጻፉ። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ በዚያው ሰነድ ጀርባ ተቀባዩ ይፈርም። መኪናው ሲወጣ ቀለሙን በቀን ብርሃን እዩት፤ ጋራዥ ውስጥ በአምፖል አንድ ዓይነት የሚመስል ነጭ ፀሐይ ላይ ሁለት ዓይነት ይሆናል። አዲስ ዕቃ ከተገጠመ የተፈታው አሮጌ ለከፈለው ሰው ይሰጥ፤ ትንሽ ነገር ናት፣ «ለውጦታል ወይስ ደፍኖታል?» የሚለውን ጥርጣሬ ግን ታጠፋለች።

8. እንቢ ካለ

በመጀመሪያ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፦ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደምትጠብቁ። ፎቶና ፕሮፎርማ አያይዙ፣ በምስክር ፊት ስጡት። ካልሠራ ኮሚቴውን፣ የዕድሩን ዳኛ ወይም ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሽማግሌ ጥሩ። የሽምግልናው ውጤት በቃል ከቀረ ወደ ደረጃ 6 ተመልሳችኋልና እሱንም ጻፉት።

ፖሊስ የሆነውን ይመዘግባል፣ ፕላን ያነሳል፤ ማን ለማን ስንት ይክፈል ብሎ ግን አይፈርድም። የካሳ ጥያቄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ስለሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው የሚኬደው። የክስ ማመልከቻ፣ የማስረጃ ዝርዝርና በጠየቃችሁት መጠን የሚሰላ የዳኝነት ክፍያ ያስፈልጋል። መኪናው በውክልና የተያዘ ከሆነ ሊብሬ ላይ ያለውንም፣ ነጂውንም በክሱ ጥሩ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

መንጃ ፈቃድ ወይም ሊብሬ «መያዣ» ብሎ መውሰድ። የሰው ሰነድ መያዝ መብታችሁ አይደለም፣ ተከሳሹን ከሳሽ ያደርገዋል። መኪናውን መዝጋት፣ ጎማውን ማስተንፈስም እንዲሁ።

በብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ታርጋውን ለጥፎ «ይህ ሌባ ገጭቶኝ ጠፋ» ማለት። «ትናንት ማታ የተገጨች ነጭ ቪትዝ፣ ያየ ካለ በውስጥ ያናግረኝ» ብትሉ ምስክር ታገኛላችሁ፤ ሌባ ካላችሁ የስም ማጥፋት ክስ።

አስቀድሞ ጠግኖ ደረሰኝ ይዞ መምጣት። ጎረቤታችሁ ያላየውን ጉዳት፣ ባልመረጠው ጋራዥ፣ ባልተስማማበት ዋጋ እንዲከፍል ትጠይቁታላችሁ። ቢከፍልም አኩርፎ ነው።

መጠበቅ። «ከበዓሉ በኋላ»፣ «ልጁ ሲመረቅ»፣ «እቁብ ሲደርሰው» እየተባለ ዓመት ያልፋል። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ቀኑን ስልካችሁ ካሌንደር ላይ መዝግቡት፣ ማስታወሻውንም ከ2 ዓመቱ ስድስት ወር ቀድሞ እንዲጮህ አድርጉት።